ቁጭ ማለት ያቃተው ዓሣ አጥማጅ

ሰፈሩ ሁሉ «ሊፍቴ» ነው የሚለው። የሕንፃ አሳንሰር ስለሚጠግን የወጣለት ስም ነው፤ እሱም ከለመደው ቆይቷል። ብዙ የማይናገር፣ ሰው ወግ ሲያወጋው ግን ሰዓቱን ረስቶ የሚቀመጥ ሰው ነበር። ነበር የምለው ያ አደጋ ከደረሰ ወዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር ስለጠፋበት ነው።

አደጋው እንዲህ ነው የሆነው። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሊፍቱ ካቢን ጣሪያ ላይ ቆሞ የበሩን መዝጊያ ሲያስተካክል ፍሬኑ ከዳው። ካቢኑ አንድ ፎቅ ያህል ቁልቁል ተምዘግዝጎ የድንገተኛ መያዣው ቀጥ አደረገው። መብራቱም አብሮ ጠፋ። የሥራ ባልደረባው በሩን በብረት ፈልቅቆ እስኪያወጣው ድረስ በዚያ ጨለማ ውስጥ የብረት ገመዱን አቅፎ ቆየ። ሲወጣ አንድ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ዘበኛው «እንኳን ተረፍክ» ብሎ ውሃ ሰጠው፤ አለቃው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ዕረፍት ፈቀደለት። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

አላለቀም። እግሮቹ እንቢ አሉት። ምሳ ቀርቦለት ሁለቴ እንደጎረሰ ይነሳል። መስኮት ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ መልሶ ይከፍታል። ወንበር ላይ አረፍ ሲል ወለሉ ከሥሩ ሊሸሽ የተዘጋጀ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ቀድሞት ይነሳል። አልጋ ላይ እንኳ አንድ እግሩ ከብርድ ልብሱ ውጪ ነው፣ ለመሮጥ ያሰበ ይመስል።

ሚስቱ እቤቷ ሆና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ የተቆረጠው ጨርቅ ወለሉን ሞልቶታል። እሱ በዚያ መሀል ከበሩ ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ በሩ ይመላለሳል። የተቆረጠውን ኪስ ከኮሌታው ጋር ያደባልቃል፣ መቀሷን አንስቶ የማይገኝበት ቦታ ያስቀምጣል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የመኪናዋን ፔዳል ገታችና ቀና አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቂጥህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?»

«ምን አደረግሁ?»

«ምንም! ምንም ስላላደረግህ እኮ ነው! ወይ ተቀመጥ፣ ወይ ውጣ፣ ወይ እጅጌ ስፋልኝ!»

ይህን ስትል አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ናቸው። የዕድሜ ልክ የሞተር ጩኸት አንድ ጆሯቸውን ስለበላባቸው ሰው ሲያናግራቸው ደህናውን ጆሮ አዙረው ነው የሚያዳምጡት። ያን ዕለት በእጃቸው ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዘዋል፤ አንዱ የራሳቸው፣ ሌላኛው አዲስ የተቀባ።

«ልውሰድልሽ?» አሏት ልጃቸውን፣ ዕቃ እንደሚረከብ ሰው።

«ውሰደው አባዬ። ግን ዓሣውን ሁሉ አስደንግጦ እንዳይጨርስብህ።»

«ዓሣ አያስደነግጡትም፤ እሱ ራሱ ደንጋጣ ነው» አሉና ወደ አማቻቸው ዞሩ። «ጫማህን አድርግ፣ ልጄ። የሚረጥብ ጫማ።»

በአውቶብሱ የመጨረሻ ፌርማታ ወረዱ። የተዘጋ የጡብ ፋብሪካ አጥር ይዘው ሄዱ፣ የድሮ ባቡር ሐዲድ ተሻገሩ፣ ከዚያ መንገድ የሚባለው ነገር አለቀና ሣር ብቻ ሆነ። ሽማግሌው ከፊት ከፊት እየሄዱ የወንዙ ድምፅ ሲሰማ እጃቸውን አነሱ። ወንዙ እዚያ ጋ ታጥፎ ሰፊ ኩሬ ሠርቷል። በአኻያ ዛፎች ተከቧል፤ ውሃው ዳር ዳሩን አረንጓዴ፣ መሀሉን ጥቁር ነው። መሀል ላይ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ድንጋይ አለ። ሰው የለም፣ የሰው ኮቴም የለም። የሊፍቴ ስልክም መስመር አጣ፤ ደጋግሞ አውጥቶ አየው።

«እዚህ ማን ይመጣል?» አለ።

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ሰው ከመጣማ እኔ መምጣቴን እተዋለሁ።»

ትል ከቆርቆሮ አውጥተው መንጠቆ ላይ እንዴት እንደሚሰካ፣ ተንሳፋፊው ቡሽ ክሩ ላይ እስከየት እንደሚታሰር አሳዩት። ከዚያ ድንጋይ ለድንጋይ ረግጠው መሀል ያለው ጠፍጣፋ ላይ ወጡና ሱሪያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። አለቀ። ከድንጋዩ ጋር አንድ ሆኑ።

ሊፍቴ ግን ከዳር ሆኖ ጣለ፤ ቡሹ ገና ሳይረጋ አወጣው። እንደገና ጣለ። አወጣ። ትሉ እንዳለ አለ። ቦታ ቀየረ። ሸምበቆ ውስጥ ገባ፣ ወጣ። ጠጠሩ ከእግሩ ሥር እየተንኳኳ ወደ ውሃው ተንከባለለ። አንዴ ዘንጉን ወደኋላ ሲወነጭፍ መንጠቆው አኻያው ላይ ተሰቀለ፤ ቢጎትት ቢጎትት ቅርንጫፉ ብቻ ወደሱ ይሰግዳል።

ከድንጋዩ ላይ ድምፅ መጣ። «ዛፉ ላይ ዓሣ የለም ልጄ። ሞክሬዋለሁ።»

ሊፍቴ ሳቀ። ክሩን በጥሶ አዲስ መንጠቆ ሲያስር ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ። በዚያ ፀጥታ ውስጥ እረፍት የሚነሳው ነገር ባሰበት። ቤት ውስጥ የመኪናው ድምፅ ነበር፤ እዚህ ግን ያ ጨለማ ውስጥ የሰማው የገመድ ሲጥሲጥታ ብቻ ነው ጆሮው ላይ የቀረው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ ለዚህ ነገር አልሆንም» አለ በመጨረሻ። «ዓሣውን አባረርኩብዎ። ልሂድ።»

ሽማግሌው ደህናውን ጆሯቸውን አዞሩለት። «ወዴት?»

«እንጃ። ብቻ መቀመጥ አልቻልኩም።»

«ተቀመጥ ያለህ ማነው?» አሉ። «እኔ ጡረታ የወጣሁ ጊዜ ወንበር ላይ ስቀመጥ እግሬ ፍሬን ይፈልግ ነበር። አማትህ ነፍሷን ይማረውና ምንጣፉን በላኸው ብላ ከቤት አባረረችኝ። እዚህ መጥቼ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ቁጭ አላልኩም። ይልቅ ወንዙን ይዘህ ወደ ላይ ሂድ። ከዚህ በላይ ትንንሽ ኩሬዎች አሉ፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ከሩቁ ጎንበስ ብለህ ቅረብ፤ ጥላህ ውሃው ላይ እንዳያርፍ። አንዴ ጣል። ዓሣ ካልነካው እለፍ። እሱም ማጥመድ ነው።»

ሄደ።

የመጀመሪያው ኩሬ ከወደቀ ግንድ ሥር ነበር። ጎንበስ ብሎ ደረሰ፣ ጣለ፣ ምንም የለም፤ አለፈ። ሁለተኛው ጋ ውሃው በሁለት ድንጋዮች መሀል እየተገፋ አረፋ ይሠራል፤ ቡሹ አረፋው ላይ ዞር ዞር ብሎ ቆመ፣ ከዚያ ሄደ። አለፈ። እግሩ መሄድ ፈልጎ ነበርና አሁን የሚሄድበት አገኘ። ቅርንጫፍ ሥር ይሹለከለካል፣ ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ይገባል፣ ሥር ይዞ አቀበት ይወጣል። ከእያንዳንዱ መታጠፊያ በኋላ ምን እንዳለ ሳያይ መመለስ የማይቻል ሆነበት።

ከብዙ ኩሬ በኋላ አንድ ቦታ ደረሰ። ውሃው ከድንጋይ ግድግዳ ሥር ገብቶ ጥልቅ ሆኗል፤ ከላይ የተንጠለጠለ ሐረግ ጫፉን አርጥቦ ይጫወታል። በሆዱ ተኝቶ ቀረበና ጣለ። ቡሹ ከሐረጉ አጠገብ አረፈ። ትንሽ ነቅነቅ አለ። ንፋስ መሰለው። ደግሞ ነቅነቅ አለ፣ ከዚያ የሆነ ሰው ጣቱን አስገብቶ እንደሳበው ቁልቁል ጠፋ።

ዘንጉ በእጁ ውስጥ ሕያው ሆነ። ያ መንዘፍዘፍ ከክሩ ወደ ዘንጉ፣ ከዘንጉ ወደ ክንዱ መጣ፤ ሊፍቴም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚንቀጠቀጠው እሱ ሳይሆን ሌላ ነገር መሆኑን ተረዳ። ዓሣው ወደ ግድግዳው ሥር ሮጠ፣ ተመለሰ፣ ዘለለ፤ ጎኑ እንደ አዲስ ቆርቆሮ አብረቀረቀ። ሲያወጣው መዳፉን የሞላ ቆሮሶ ነው። ትልቅ አይደለም። ያን ቀዝቃዛ፣ ጡንቻ ብቻ የሆነ አካል በእጁ ይዞ ሲያየው አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። መንጠቆውን ቀስ ብሎ ነቀለለትና ውሃው ውስጥ አስገባው። ለአፍታ በጣቶቹ መሀል ቆየ፤ ከዚያ የለም።

«በለው!» አለ ጮክ ብሎ፣ ማንም በሌለበት።

ሌላ ትል ሊሰካ ጎንበስ ሲል ነው ውሃው ላይ አንድ ነገር ያየው። ደረቅ ቅጠልና ስብርባሪ እንጨት ተያይዞ መጣ። ከኋላው ቀጭን ቡናማ መስመር ተከተለ፤ የሻይ ቀለም ወተት ውስጥ እንደሚገባው ገባ። ሰማዩ ከላዩ ጥርት ያለ ነው። ወደ ወንዙ መነሻ ሲያይ ግን ኮረብታው ጠቁሯል። ቅድም ከውሃው በላይ ይታይ የነበረው ድንጋይ ግማሹ ተውጧል።

ሽማግሌው ትዝ አሉት። መሀል ድንጋይ ላይ፣ ደንቆሮ ጆሯቸውን ወደ ወንዙ መነሻ ሰጥተው።

ሮጠ። በሥራ ቦታ ደረጃ ሦስት ሦስቱን ሲዘል የኖረ እግር ነው፤ በዕረፍቱ ጊዜም አንዲት ቀን አርፎ አያውቅም። ቅርንጫፍ ፊቱን ገረፈው፣ ዘንጉን ጣለ። ውሃው ጎን ለጎን አብሮት ይሮጣል፤ አንዳንዴ እሱ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ውሃው።

ኩሬው ጋ ሲደርስ የመሸጋገሪያ ድንጋዮቹ ተውጠዋል። ሽማግሌው ቆመዋል፤ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን አልፏል፤ ዘንጋቸው ግን እንደ ቀስት ተለምጦ ሁለት እጃቸውን ወጥሮ ይዟል።

«አባባ! ጎርፍ ነው! ይልቀቁት!»

«ምን?»

«ይልቀቁት!»

«አልለቅም! አምባዛ ነው! ስንት ዓመት ሲያሾፍብኝ የኖረው አምባዛ ነው!»

ሊፍቴ ገባ። ውሃው መጀመሪያ ወገቡን፣ ቀጥሎ ደረቱን ያዘው፤ ታችኛው ጠጠር ከእግሩ ሥር ይሸሻል። ወለሉ እየሸሸ መሆኑን ያውቃል፤ ሲፈራው የኖረው ነገር ደርሶ ከዚያ የከፋ ስላልነበረ መርገጡን ቀጠለ። ድንጋዩን ጨብጦ ወጣና የሽማግሌውን ቀበቶ ያዘ።

«አባባ፣ ልጅዎ ትገድለኛለች።»

ይህ ሳይገባቸው አልቀረም። አምባዛውን በዓይናቸው ተሰናብተው ዘንጉን ለቀቁት፤ ውሃው ላይ ቆሞ ጥቂት ከሄደ በኋላ ሰመጠ። ሊፍቴ በጀርባው አዝሎአቸው ሰያፍ ሰያፉን፣ ውሃው ወደሚገፋው እየተገፋ ተሻገረ። አንዴ እግሩ ከዳው፣ ሁለቱም ጠለቁ። ሲወጣ የአኻያ ሥር እጁ ገባ፤ ያንን ይዞ እሳቸውን ወደ ዳር ወረወራቸው ማለት ይቻላል።

ሣሩ ላይ ወድቀው ወደ ወንዙ ዞሩ። ድንጋዩ አሁን የለም፤ በላዩ ቡናማ ውሃ እየተጠቀለለ ያልፋል።

«ሸሚዜ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» አሉ ሽማግሌው። ቢያዩ ቅጠል ነው። ሁለቱም መሳቅ ጀመሩና ማቆም አቃታቸው። ሳቁ ሲያልፍ የሊፍቴ ጥርሶች መንገጫገጭ ጀመሩ።

«ከዚያ ውስጥ የማልወጣ መስሎኝ ነበር» አለ።

«ከወንዙ?»

«ከሊፍቱ። ገመዱን ይዤ ስቆም፣ ከላዬ የሆነ ነገር ሲጥ ሲጥ ይላል። አሁን ይበጠሳል፣ አሁን ይበጠሳል እላለሁ። አሁንም እላለሁ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ይበጠሳል እላለሁ።»

«ለልጄ ነግረሃታል?»

«ምን ብዬ? ጭረት እንኳ የለብኝም።»

«እንዲሁ እንደነገርከኝ አድርገህ ንገራታ» አሉ፣ ካልሲያቸውን እየጨመቁ።

ነገራት። እርጥብ ልብሱን ሳያወልቅ፣ በሩ ጋ ቆሞ ነገራት። እሷም ፔዳሉን አቆመች፣ በአፏ የያዘችውን መርፌ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካች፣ ተነስታ ውሃ ከሚያንጠባጥበው ሸሚዙ ጋር አቀፈችው። «ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለች። «እኔ እኮ የሰለቸሁህ መስሎኝ ነበር።» ይህን ሲሰማ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ ልክ ልካቸውን ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ደንቆሮ ጆሯቸውን አዙረው አዳመጧት።

ሰኞ አለቃው ዘንድ ሄዶ ከእንግዲህ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ እንደማይገባ ተናገረ።

«እስከ መቼ?» አለ አለቃው።

«አላውቅም። ምናልባት እስከ መጨረሻው።»

አለቃውን አላስደሰተውም፤ ግን ሞተር ማደሻ ክፍል ሰው ስለጎደለው እዚያ መደበው። ቆሞ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ጠረጴዛው በመስኮት በኩል ነው። ባልደረቦቹ «ሊፍቴ ምድር ቤት ወረደ» እያሉ ሳቁበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ። እረፍት ማጣቱ አልተወውም። አሁንም ምሳ መሀል ይነሳል፤ ሚስቱ ግን ሳህኑን መስኮቱ ላይ ታስቀምጥለታለች፣ ቆሞ ይጨርሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽማግሌው ከዳር፣ ከዳር ብቻ፣ ይቀመጣሉ፤ እሱ ወደ ላይ ይሄዳል።

ልጃቸው ሁለቱን አላመነቻቸውም። አንድ ቅዳሜ መቀሷን ቆልፋ «እኔም እመጣለሁ፣ ምን እንደምትሠሩ ልየው» አለች። ግንዱ ሥር ያለው የመጀመሪያው ኩሬ ጋ ደክሟት አረፈች፤ ባሏም ዘንጉን አስይዟት ሌላ መንጠቆ ሊያስር ዞረ። ወዲያው ጮኸች። ዘንጉ ተለምጦ ጫፉ ውሃ ነክቷል።

«አሁን ምን ላድርግ?»

«ልቀቂለት፣ ትንሽ ልቀቂለት!» አሉ ተከትለዋቸው የመጡት አባቷ።

«ያዢው! እንዳትለቂው!» አለ ባሏ።

«አንዳችሁ ዝም በሉ!» አለች፤ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ከነጫማዋ ወደ ውሃው ገባች።