ጥንዱን ቃል ማን ይመልስ

ታላቂቱ ልጅ ከመሞቷ በፊት ጥንድ ጥንድ የሚሄዱ የእንግሊዝኛ ቃላትን ለታናሿ በስልክ ቀድታላት ነበር። አንዱን ቃል ትልና ዝም ትላለች፤ ታናሿ ጥንዱን ስትሞላ ድምፁ «ጎበዝ!» ይላል።

ፈተናው ሲቃረብ ታናሺቱ ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረጻውን ከፈተችው። እናትየዋ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፈች ድምፁን ሰማች። ሙት ሲጠራ «አቤት» ያለ ይከተላል ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። የቀረቻት ደግሞ ይህችው አንዷ ናት።

«ከመጽሐፉ ብታጠኚስ ልጄ?»

«እማዬ ደግሞ! እሷ ስትለው ነው የሚገባኝ።»

«ጊቭ» አለ ድምፁ።

እናትየዋ ሽንኩርቱን ጥላ ከጓዳ ተንደርድራ መጣችና ልጅቷን ቀድማ «አፕ!» አለች። ቀድሞ ሁለቱ እህትማማቾች ሲለማመዱ በግድግዳ ማዶ እየሰማች ቃላቱ ሳታስበው ገብተዋታል።

«ጎበዝ!»

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። «ተፈታኟ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«አንቺ በልብሽ ያዢ። አፍሽን እንዳትከፍቺ ብቻ!»

«ሉክ» አለ ድምፁ።

«አፍተር» አለች እናትየዋ፣ የልጇን አፍ በመዳፏ ሸፍና። የሚወስድ ከሆነ እኔን ይውሰድ ብላ ቀጣዩን ቃል ጠበቀች።