የሠርግ ካርድ ፊደል

ዲቦራ ከነጋ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። ኢታንግ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ወንበር ትደረድራለች፣ መልሳ ታፈርሳለች፣ የምስክር ወረቀቶቹን ካርቶን ከፍታ ታያለች፣ ትዘጋለች። አስተማሪዋ እሷ ሆና ተፈታኝ መስላለች። ምን ታድርግ፣ ዓመቱን ሙሉ በላቲን ፊደል በኑዌርኛ ማንበብ ያስተማረቻቸው ሃያ ሁለት እናቶች ዛሬ ሊመረቁ ነው።

ወረቀቶቹስ ያምራሉ፤ እውነቱን ለመናገር ከልክ በላይ ያምራሉ። ክልሉ ከተቋቋመ ወዲህ ጋምቤላ ያለው ትምህርት ቢሮ ኮምፒውተር አግኝቷል። የቢሮው ጸሐፊ ኦጁሉ የፊደል ዓይነት እየቀያየረ ሲያሳያት ዓይኗ አንዱ ላይ ቀረ፤ በእጅ የተጻፈ የሚመስል፣ አንዱ ፊደል ከሌላው የተያያዘ፣ ጭራው እንደ ሐረግ የሚጠመዘዝ።

“ይኼ እንኳ ለሠርግ ካርድ ነው” አላት ኦጁሉ።

“የኛ ከሠርግ ያንሳል?” አለችና አሳተመችው።

የምረቃውን ደንብ ያወጣችውም እሷው ናት። ስም ጠሪ የለም። ወረቀቶቹ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ፣ እያንዳንዷ የራሷን ፈልጋ ስሟን ጮክ ብላ ታነባለች።

መጀመሪያ የተነሣችው ኛሙዎን ናት። ባሏ ዱዎት ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። “ስምሽን ስታገኚ በዓይኔ ካየሁ የሚመጣውንም ዓመት ተማሪ፤ ካልሆነ ይብቃሽ፣ ማሽላውን ብቻዬን አርሜ ደከመኝ” ብሏታል። ይህን ዲቦራም ታውቃለች።

የኛሙዎን ጣት በወረቀቶቹ ላይ ሄደ፤ ተመለሰ። እንደገና ሄደ። 

“ልጄ፣” አለች ወደ ዲቦራ ዞራ ቀስ ብላ፣ “የኔን ረሳሽው?”

ስሟ እዚያው መዳፏ ሥር ነበር። ዲቦራ ያን ጊዜ ነው የገባት። ሴቶቹ የሚያውቁት ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምትጽፍላቸውን፣ ለየብቻው የቆመውን ፊደል ነው። ተያይዞ የተጻፈ አንድ ቀን እንኳ አላሳየቻቸውም። እፍረት ከእግሯ እስከ ራሷ ወረራት። ከጋምቤላ የመጡት እንግዶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ጠጋ ብላ የቱ እንደሆነ በጆሮዋ ሹክ ብትላት ማን ያውቅባታል?

ቀና ስትል ዱዎት በትሩን አንሥቶ ከበሩ ሲወጣ አየችው።

“ጥፋቱ የኔ ነው!” አለች ወደ እንግዶቹ ዞራ። “ይኼን ፊደል አላስተማርኳቸውም። ስላማረ ብቻ ነው የመረጥኩት!” ጠመኔ አነሣችና ሃያ ሁለቱንም ስም ሰሌዳው ላይ አዘበራርቃ ጻፈች።

ኛሙዎን ገና ሰሌዳው ፊት ስትደርስ ጣቷ አምስተኛው ስም ላይ አረፈ። “ኛሙዎን!” ብላ አነበበች፤ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ።

እሷ ግን ፈገግም አላለች። ባዶውን አግዳሚ እያየች ቆማ፣ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች።

“ጭብጨባ ምን ያደርግልኛል፣” አለች፤ “ሩጡና ዱዎትን መልሱልኝ።”