የዘገየው ጭብጨባ

ደርዲሪ በላይኛው ግብጽ፣ በቁስ ስኳር ፋብሪካ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ «የአገዳ ትቢያ ሞልቶሃል፤ የባሕር አየር ያስፈልግሃል» አለው። ልጆቹ ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሄዱ ቆይተዋል። ሚስቱን ናዕሳንና ሁለት ፍራሽ ይዞ በሰኔ ወር ፖርት ሳይድ ገባ።

ናዕሳ እህቶቿን ትታ መምጣቷ ከንክኗታል። ገና ዕቃው ሳይፈታ ባሏን ፊቷ አስቀመጠችው።

«ስማኝ የበድሪ አባት። ለሳንባህ ብዬ መጥቻለሁ፤ አየሩን እንደልብህ ሳብ። ግን እኔና አንተ እዚህ ግድግዳ ለግድግዳ ስንተያይ አናረጅም። ድርጭት እስኪመጣ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። እስከዚያ አንድ ቀን ብትቀር ‹ደርዲሪ የት ገባ?› ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካላገኘህ፣ ፍራሼን ጠቅልዬ ወደ ቁስ ነው።»

«ድርጭቱ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ጎረቤቷን ጠይቄያለሁ። መስከረም።»

ናዕሳ አንድ ነገር አለች ማለት አለች ነው፤ ደርዲሪም ያውቃታል። በማግስቱ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ጠዋት ጠዋት የዓረብ ሰፈርን ጠባብ መንገዶች ያዳርሳል። ከሰዓት ድሮ ፈረንጆች ይኖሩበት በነበረው በኢፍራንግ ሰፈር፣ ከእነዚያ ያረጁ የእንጨት ሰገነቶች ሥር፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። ሲመሽ ደግሞ ባሕሩ ዳር ይወርዳል። የከተማው ቤተሰብ ሁሉ የፕላስቲክ ወንበሩን ይዞ ወጥቶ፣ በቆሎ እየጠበሰ፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ እስከ እኩለ ሌሊት ይጫወታል። ደርዲሪ ላገኘው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል። ሰላምታው በወጉ ይመለስለታል፤ ከዚያ ሰዎቹ ወደ ወሬያቸው ይዞራሉ። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ።

በስምንተኛው ቀን የስዊዝን ቦይ ተሻግሮ ማዶ ያለችውን ፖርት ፉአድን ለማየት ማሻገሪያው ጀልባ ላይ ወጣና ለገመድ ጣዩ ሳንቲም ዘረጋለት። ገመድ ጣዩ ቀጭን፣ ረጅም ጎልማሳ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ሰርዲን ይለዋል።

«ምንድን ነው ይሄ አጎቴ?»

«ሒሳብ ነዋ።»

«ጀልባው ነፃ ነው። ኪስዎ ይክተቱት።»

ደርዲሪ ተሻገረ፣ ፖርት ፉአድን ዞረ፣ ወደ ማታ ተመለሰ። ሲሳፈር ሳንቲሙን እንደገና ዘረጋ።

«አሁን እኮ ነገርኩዎት።»

«መሄጃው ነፃ ነው አልከኝ። የመመለሻውን መች ነገርከኝ?»

ሰርዲን ገመዱን ጥሎ በሳቅ ሆዱን ያዘ። ለተሳፋሪው ሁሉ እየዞረ ተናገረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የደርዲሪ ስም «ከፋዩ» ሆኖ ቀረ። በሳምንቱም ሰርዲን «ከፋዩ፣ ሐሙስ ማታ ከዓሣ ተራው ጀርባ ያለው ቡና ቤት ይምጡ፤ እዚያም አይከፈልም» አለው።

እዚያ በየሐሙሱ ስብስብ አለ። «ሬይስ»፣ ማለትም አለቃ፣ እያሉ የሚጠሩት ሻዝሊ የሚባል ሽማግሌ፣ ክራር የምትመስለውን ስምስሚያ ታቅፎ መካከል ይቀመጣል። የቀረው ክብ ሠርቶ ይዘፍናል፣ ያጨበጭባል። የስብስቡ ነፍስ ያለችው ጭብጨባው ላይ ነው። ደርዲሪም ደስ አለውና አጨበጨበ።

ችግሩ እጁ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የአገዳ መጭመቂያውን ምት ሲሰማ የኖረ እጅ፣ ሁሉም ካጨበጨበ በኋላ ለብቻው ጧ ይላል። ክቡ ተደነባበረ። ሻዝሊ ጣቱን ከክሩ ላይ አነሳ።

«ማነው በአህያ የመጣው? እኛ ደርሰናል፣ እሱ ገና መንገድ ላይ ነው።»

«ሰዒዲ ነኝ ሬይስ፣ የላይኛው ግብጽ ሰው፤ ባቡሩ ነው ያዘገየኝ።»

ሳቁ ቡና ቤቱን ሞላው። ሻዝሊ ራሱ ሳቀና «ተቀመጥ፤ ግን እጅህን ጉልበትህ ላይ» አለው። ደርዲሪ ሁለት ሐሙስ እጁን ያዘ። በሦስተኛው ዘፈኑ ሲሞቅ ረሳና ጧ አደረገው። ክረምቱን በሙሉ ሻዝሊ እየተቆጣ፣ ደርዲሪ እየዘገየ አለፈ። ቤቱ ውስጥ ትሪ እየመታ ይለማመዳል።

«ትሪዬን ተወው፣ እሱ ምን አደረገህ?» ትለዋለች ናዕሳ።

መስከረም ገባ። ሻዝሊ ክቡን ሰብስቦ «የሚመጣው ሐሙስ የእስማኤልያ ከተማ ሰዎች በዘፈን ሊገጥሙን ይመጣሉ» አለ። ከዚያ ወደ ደርዲሪ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ፣ የዚያን ቀን እባክህ እጅህን ኪስህ ክተትልኝ።»

ደርዲሪ «እሺ ሬይስ» ብሎ ወጣ። አትምጣ ማለቱ ነው ብሎ ተረጎመው።

በዚያው ሳምንት ድርጭቱ መጣ። ባሕሩን አቋርጦ፣ ደክሞት፣ ዳርቻው ላይ የተዘረጋው መረብ ውስጥ ይወድቃል። ሐሙስ ዕለት ናዕሳ ከገበያ አራት ድርጭት ይዛ ገባች።

«ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ? አትሄድም?»

«ደክሞኛል።»

ፊቱን አየችው። ገመድ አምጥታ ፍራሿን ጠቅልላ አሰረችና በሩ ሥር አቆመችው። ደርዲሪ ሰገነቱ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ከታች አላፊ አግዳሚው ይስቃል፤ ባሕሩ ከሩቅ ይሰማል። ይህን ከተማ ወዶታል። መውደዱን እንዴት አድርጎ ለሚስቱ እንደሚነግራት ግን አላወቀም።

ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ከታች ጫጫታ ተሰማ።

«ከፋዩ። ኧረ ከፋዩ፣ የት ገቡ?»

ሰርዲን ነው። ከኋላው ሻዝሊ ስምስሚያውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ያለከልካል። ከእሱ ኋላ ክቡ በሙሉ፣ ከእነሱም ኋላ ግራ የገባቸው የእስማኤልያ እንግዶች።

«ሦስት ጊዜ ጀመርን» አለ ሻዝሊ ወደ ላይ አንጋጦ። «ሦስቴም ዘፈኑ እግሩ እንዳጠረ ወንበር ተንገዳገደብን። ለካስ ክረምቱን ሙሉ ያንተን እጅ ስንጠብቅ ነው የከረምነው። ውረድ።»

«እጅህን ኪስህ ክተት ብለኸኝ አልነበር?»

«ኪስህ አልኩህ እንጂ ቤትህ አልኩህ?»

ናዕሳ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ሰገነቱ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች፤ ቢሆንም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠየቀች።

«ማንን ነው የምትፈልጉት?»

«ደርዲሪን ነዋ» አለ ሻዝሊ። «የት ገባ ብለን ነው የመጣነው።»

ዞራ ባሏን አየችው። አፏ ጥግ ላይ ፈገግታ ታገላት።

«ምን ታየኛለህ፤ ጫማህ በሩ ጋ ነው።»

እዚያው መንገዱ ላይ ክብ ሠሩ። ጎረቤቱ ሁሉ በየሰገነቱ ወጣ። ሻዝሊ ክሩን ነካ፤ ሁሉም አጨበጨበ፤ ከኋላ፣ ለብቻው፣ የደርዲሪ እጅ ጧ አለ። ዘፈኑም በእሱ ላይ ተደግፎ ተነሳ። የእስማኤልያው መሪ ሊከተል ሞከረ፣ ሳተ፤ እንደገና ሞከረ፣ ሳተ። በመጨረሻ እጁን አወረደ።

«ይሄ ደግሞ የየት አገር ጭብጨባ ነው?»

«የፖርት ሳይድ» አለ ሻዝሊ፣ ከክሩ ላይ ቀና ሳይል።

ናዕሳ የታሰረውን ፍራሽ በራሷ ተሸክማ ደረጃውን ወረደች። ገመዱን ፈታችና ለእንግዶቹ መቀመጫ ዘረጋችው።