ቤት ያልገባው ዳቦ

ሙሉእመቤት ወደ ድንኳኑ የሚገቡትን ሴቶች አንድ በአንድ ታያለች። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው የእንግዳ ጫማ አያይም፤ እሷ ግን ጫማ ታያለች፣ ጥፍር ታያለች፣ ከነጠላ ስር የተደበቀ ሀብል ትፈልጋለች። ደረቷን እየመታች የምትገባዋንም፣ ደጃፉ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍነዋንም ትመዝናለች። ከእነዚህ አንዷ የባሏ ሌላ ሴት ናት። የትኛዋ እንደሆነች አላወቀችም እንጂ መምጣቷ አይቀርም።

«ሙሉዬ፣ እስቲ ትንሽ ንፍሮ ቅመሽ» አለቻት የሺዓለም፣ የሟቹ ታላቅ እህት።

«ቀምሻለሁ፣ እትዬ።»

«ምኑን ቀመስሽ? ከሐሙስ ጀምሮ ውሃም በአፍሽ አልዞረም።»

ባሏ ዳኛ ፈቀደ ረቡዕ ከፍርድ ቤት መጥቶ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው የሞተው። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። በማግስቱ አራዳ ጊዮርጊስ ተቀበረ። ዛሬ እሁድ ነው፤ እንባዋ ግን አልመጣም። ጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ድድ ይመስል ውስጧ ደንዝዟል፤ ብትነክሰውም አይሰማትም።

ከኋላዋ ሁለት ጎረቤቶች ያንሾካሹካሉ።

«ዓይኗ ደረቅ ነው እኮ።»

«የእሱስ ነገር ቢሆን? እነዚያ የካናዳ ካቶሊኮች ዲፕሎማውን መለሱልን እንጂ ሰውዬውን እዚያው አስቀርተውታል።»

«ኧረ ፍትሐቱስ ተደረገለት?»

«ተደረገለት። አባ ወልደገብርኤል ‹በእጄ አቁርቤዋለሁ፣ አፋችሁን ያዙ› ብለው ተቆጡ አሉ።»

ሙሉእመቤት ሰማች። ሃይማኖቱን ለውጧል የሚለው ሐሜት ለእሷ አዲስ አይደለም። ባሕር ተሻግሮ ካህናት ኮሌጅ የተማረ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ብቻ እሷ የምታውቀው ከዚያ የባሰ ነበር።

ሲያገባት ከካናዳ ገና መመለሱ ነው። አብረውት የመጡት ጓደኞቹ አመሻሻቸው ውቤ በረሃ መጠጥ ቤት ነበር። እሱ ግን ከሥራ መልስ መስኮቱ ስር ቁጭ ብሎ ዝም ይላል። አንድ ቀን፣

«ምን እያየህ ነው?» አለችው።

«ቀኑን።»

«ያለፈ ቀን ታይቶ ምን ይገኝበታል?»

«የበደልኩት ሰው ካለ እንዳልረሳው ነው። ካህናቱ ናቸው ያስለመዱን።»

ያን ጊዜ ወዳው ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ከበዳት። ፈቀደ አይጮህም፣ አይሰክርም፣ እጁን አያነሳም። ብትሰድበው አመሻሹን ቁጭ ብሎ ራሱን መርምሮ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ተጣልተው የሚታረቁ ጎረቤቶቿን እያየች የቀናችበት ቀን አለ። ልጅም አልመጣላቸውም።

ከዚያ ደግሞ እሁዶቹ ነበሩ። ጊዮርጊስ ያስቀድሳል፣ ቤት መጥቶ ምሳውን ይበላል፣ አሮጌውን ካፖርት ደርቦ ይወጣል። የሚመለሰው ሲመሽ ነው።

«የት ትሄዳለህ?» ብላ ጠይቃው ታውቃለች፣ መጀመሪያ ሰሞን።

«ሰው ልጠይቅ» አላት። እንዲህ ብሎ ቆመ፤ እሷም ማንን ብላ አልቀጠለችም።

አንድ እሁድ ነጠላዋን ተከናንባ ተከተለችው። ምኒልክ አደባባይን አቋርጦ፣ ፒያሳ ከጣሊያኑ ዳቦ ቤት ገባ። ሲወጣ ትልቅ ኬሻ ሙሉ ፉርኖ ዳቦ ተሸክሞ ነበር፤ ዳኛ ሰው፣ እንደ ተሸካሚ በትከሻው። ወደ ቤቱ አልዞረም፤ ወደ ታች ወረደ። ያ ሁሉ ዳቦ የሚበላው ቤት ምን ያህል ልጅ ቢኖርበት ነው? ሙሉእመቤት እዚያው ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ተደግፋ ቆየችና ተመልሳ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችም። ዝምታው እየዋለ እያደረ የቤት ዕቃ ሆነ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ አንዲት ሴት ገባች። ወጣት ናት፣ መልኳ የጠራ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች። ድንኳኑ ውስጥ የሚያውቃት ሰው አልነበረም። ጥግ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች፤ ለደንቡ አይደለም፣ ትከሻዋ እየተናጠ ነው። ንፍሮ የምታድለዋ ሴት ቆመች።

መጣች፣ አለች ሙሉእመቤት በልቧ። ልቧ ይዘላል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልዘለለም። ተነሳች። ሄዳ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«አንቺ ማን ነሽ?»

«መይሙና እባላለሁ፣ እትዬ። እርስዎ አያውቁኝም።»

«ከፈቀደ ጋር በምን ተዋወቃችሁ?»

ልጅቷ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ባሌን አስሮት ነው።»

«ምን አልሽ?»

«አምስት ዓመት ፈረደበት። አብዱልሃሚድ ይባላል፣ መርካቶ በርበሬ ነጋዴ ነው። ከሸሪኩ ተጣልቶ በሚዛን ብረት መታው፤ የሰውዬው ዓይን ጠፋ።»

የሺዓለም ከመሃል ብድግ አለች። «ታዲያ ልትረግሚው ነው የመጣሽው? በለቅሶው ላይ?»

«ረግሜውስ ነበር፣ እማማ። ያን ቀን ፍርድ ቤቱ ደጃፍ አፈር አፍሼ ረግሜዋለሁ። ወር ሳይሞላ ከርቸሌ ባሌን ልጠይቅ ብሄድ፣ አጠገቡ ተቀምጦ አገኘሁት። ሊሳለቅ የመጣ መስሎኝ የሰጠኝን ዳቦ መልሼ ወረወርኩበት። አነሳና አራገፈው። ‹የፈረድኩት ጥፋቱ ላይ ነው፤ እሱን ግን አልጣልኩትም› አለኝ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ የቀረበት እሁድ የለም። እኔ አራስ ሆኜ ስቀር እንኳ እሱ አልቀረም። ባሌን ብቻም አይደለም፤ የፈረደባቸውን ሁሉ ነው የሚጠይቀው። ዛሬም እንደልማዳቸው ተሰልፈው ሲጠብቁት ዘበኛው መሞቱን ነገረን። አብዱልሃሚድ ‹እኔ መውጣት አልችልም፣ በእኔ እግር ሄደሽ አልቅሺለት› አለኝ። መጣሁ።»

ሴቶቹ ጮኹ። ሐሜት ላይ የነበሩት ሁለቱ ጎረቤቶች ከሁሉም በላይ ጮኹ። የሺዓለም መሬት ላይ ተዘርግታ «ወንድሜ! ወንድሜ!» ስትል ደግፈው አነሷት። ሙሉእመቤት እንደቆመች ቀረች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ሌላ ሴት አልነበረችም፤ ሌላ ቤት አልነበረም። ዳቦው ከርቸሌ ነው የሄደው። ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረችው፤ ውስጧ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ጩኸቱን ሰምቶ ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። አቶ ገብረዮሐንስ ነበር፤ ከፈቀደ ጋር ካናዳ የተማረ፣ ዛሬ ሚኒስቴር ውስጥ ትልቅ ሹም የሆነ።

«እርስዎ ያውቁ ነበር?» አለችው።

«አውቅ ነበር፣ ወይዘሮ ሙሉእመቤት።»

«ከማን ነው የለመደው?»

«እዚያው ኮሌጁ ነው። እሁድ እሁድ አንድ ሽማግሌ ቄስ ከተማው እስር ቤት ይወስዱን ነበር። በረዶ እስከ ጉልበታችን። የመጀመሪያ ቀን እስረኞቹ ጥቁር ሰው አይተው አያውቁምና ሳቁብን። እኔ ተናደድኩ፤ ፈቀደ አብሯቸው ሳቀ። ስንመረቅ ቄሱ ‹ሰው ላይ የሚፈርድ ሰው፣ የፈረደበትን ፊት ከማየት አይሽሽ› አሉን።» ባርኔጣውን አዞረው። «እዚህ እንደመጣን እኔም ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። ከዚያ ሹመት መጣ፣ ግብዣ መጣ። እኛ ቋንቋውንና ክራቫቱን ይዘን ቀረን። ቄሱ ያሉትን ይዞ የቀረው እሱ ነው። ‹እሁድ ካልሄድኩ ሰኞ ችሎት መቀመጥ አልችልም› ይለኝ ነበር።»

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ደግ ሥራ ሰው ከሰማው ያልቃል ብለው ነው ያስተማሩን።»

«እኔ ለእሱ ሰው ነኝ?»

ገብረዮሐንስ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መይሙና ለመሄድ ተነሳች። ልጇን ጎረቤት ጥላ ነው የመጣችው። ሙሉእመቤት አብራት ተነሳች።

«ምን ሆንሽ? ሐዘንተኛ እንግዳ አይሸኝም!» አለች የሺዓለም።

ግቢውን አልፈው ወደ መንገዱ ወጡ። ከቀብር ወዲህ ከደጅ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ሱቆቹ ተከፍተዋል፤ ሰው ይሄዳል፣ ይመጣል። ይህም አላስገረማትም።

«እዚያ ይስቅ ነበር?» አለች።

«ይስቅ ነበር እንጂ፣ እትዬ። ባሌ ቀልደኛ ነው። እንባው እስኪመጣ ያስቀዋል።»

ሙሉእመቤት የባሏ ሳቅ ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረው ልታስታውስ ሞከረች።

«ስለ እኔስ አንስቶ ያውቃል?»

መይሙና አመነታች። «አንድ ቀን ባሌ ‹እሁድ እሁድ ስትጠፋ ባለቤትህ ምን ትላለች?› አለው።»

«እሱስ?»

«‹ምንም አትልም። አንድ ቀን ‘ማንን?’ ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ እጠብቃለሁ› አለ።»

ጋሪ መጣና ቆመ። መይሙና «አላህ ያጽናዎት፣ እትዬ» ብላ ተሳፈረች። ባለጋሪው ፈረሱን ሊነካ ልጓሙን አነሳ፤ ግን ዞር ብሎ አየና ጠበቀ።

«እትዬ» አለች መይሙና ቀስ ብላ፣ «ነጠላዬን ይዘውታል።»

ሙሉእመቤት ወደ እጇ ተመለከተች። የነጠላው ጫፍ በጭብጧ ውስጥ ነበር፤ መቼ እንደያዘችው አታውቅም። ልትለቀው ፈለገች፤ እጇ እሺ አላላትም። ፈረሱ ኮቴውን ድንጋዩ ላይ መታ። በሌላው እጇ የገዛ ጣቶቿን፣ ከትንሿ ጀምራ፣ አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር።