ከብርድ የገባው ካሜራ

የሰሜን ሚኒሶታ ሰው ብሶቱን ከሚያወራ ቢሞት ይመርጣል። አርዲስ ክቫሜ ደግሞ በዚህ ከአገሬውም ትብሳለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ከአሥራ አንድ ዶሮዎቿ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ታዲያ አራት ሰዓት በሚያስነዳ መንገድ ርቃ ሚኒያፖሊስ የምትኖረው ልጇ ጆዲ ደውላ፣ «እማ፣ ካሜራው ሲጨልም ምንም አያሳየኝም። ነካክተሽዋል እንዴ?» ብትላት፣ «ምን ልሁን ብዬ እነካዋለሁ?» ብላ ወሬ ቀየረች። ዋሽታ ነው።

ካሜራውን በመኸር ወቅት መጥታ ከኩሽናው መስኮት በላይ በውጭ በኩል የሰቀለችው ጆዲ ናት። ለሌባ አልነበረም፤ በዚያ አገር በበረዶ ወራት የሚሠራ ሌባ ቢገኝ እንኳ አርዲስ አስገብታ ሾርባ ታጠጣው ነበር። የምትጠበቀው ራሷ ናት። ቀበሮ እንዳይበላባት በየቀኑ ሲመሽ ወርዳ ዶሮ ቤቱን ትዘጋለች፤ በበረዶ ወራት ደግሞ የሚመሸው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስምምነቱ ግልጽ ነበር፦ ጆዲ እናቷ ደርሳ ስትመለስ በስልኳ እያየች ከሆነ፣ እናት ወራቱን በቤቷ ትከርማለች። ካላየች ዶሮዎቹ ለሰው ይሰጣሉ፤ አርዲስም ከተማ ገብታ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የልጇን ሶፋ ስታሞቅ ትውላለች።

ከዚያ ብርዱ ከዜሮ በታች ሰላሳ ገባ። እዚያ አገር መኪና እንኳ በኤሌክትሪክ ገመድ ሞተሩ ሲሞቅለት ነው የሚያድረው። አርዲስ ያን አንድ ዓይን ብቻ ያለውን ፍጥረት ውጭ ተሰቅሎ ማየት አንጀቷ አልችል አለ። ወንበር ላይ ወጥታ ነቀለችውና አስገብታ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ፊቱን ወደ ግቢው አዞረችለት። መስኮቱ እንደ አገሩ ልማድ ብርድ እንዳያስገባ ከውስጥ በስስ ላስቲክ ተሸፍኗል። ላስቲኩን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቀች እንደ ከበሮ በመወጠር በአካባቢው የሚያክላት የለም። ቀን ቀን ምስሉ ጥሩ ነበር። ሲጨልም ግን ጆዲ የምታየው ነጭ ጉም ብቻ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት ጆዲ ቁርጡን ተናገረች። «ነገ እሑድ እመጣለሁ። ካልተስተካከለ ሻንጣሽን አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ።»

አርዲስ ያን ጊዜ ነው ኩራቷን ውጣ ጎረቤቷን ዴልመርን የጠራችው። ዴልመር ዕድሜውን የስልክ ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የጨረሰ ጡረተኛ ነው። ኬክ አቀረበችለት። «አይ፣ በልቻለሁ» አለ። ደግማ ለመነችው። «አይ፣ አትቸገሪ።» በሦስተኛው ልመና ሁለት ቁራጭ አነሳ፤ ደንቡ ነውና።

«እሺ፣ በሽተኛው የታለ?»

በአገጯ ወደ መስኮቱ ጠቆመችው።

«ውጭ አልነበረም እንዴ?»

«ብርዱ ሊገድለው ነበር፤ አስገባሁት።»

ዴልመር ኬኩ ትን ሊለው ምንም አልቀረው። «አንቺ ሴትዮ፣ ካልሲ ብቻ ነው ያልሠራሽለት!»

«ሳቅህን ስትጨርስ ትሠራለህ።»

ውጭው ጨልሟል። ዴልመር የኩሽናውን መብራት አጠፋና ባትሪ አብርቶ መስኮቱ ላይ ለጠፈው። «ምን ይታይሻል? ግቢው ይታይሻል?»

«የምን ግቢ? የራሴ ፊት ነው የሚታየኝ። ያውም ሳልበጠር።»

«እሱም የሚያየው ይሄንኑ ነው። ሲጨልም እኛ የማናየው መብራት አለው፤ ራሱ ያበራል። መብራቱ ላስቲኩና መስታወቱ ጋ ሲደርስ ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ሦስት ሳምንት የገዛ መብራቱ ላይ ሲያፈጥ ነው የከረመው።»

«ላስቲኩን ልቅደደዋ!»

«መስታወቱንስ? እሱንም ልትሰብሪው ነው? ቦታው ውጭ ነው፣ አርዲስ። ብርድ እንዲችል ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።»

«ካርቶን ደግሞ ማን ያነባል!»

መሰላል አቁሞ ወጣ፤ እሷ ከታች ምስሉን በስልኳ እያየች ቆመች። ካሜራው ቦታው ተመለሰ። ምስሉ ግን አሁንም ግማሹ ነጭ ነበር። «የጣሪያው ጠርዝ ነው፤ ነጭ ቀለሙ መብራቱን እየመለሰበት ነው» አለ ዴልመር። ከጠርዙ ትንሽ አራቀው፤ አንገቱንም ወደ መሬት ደፋ አደረገለት። ፊቱን በመሐረቡ ጠረገለትና «አሁንስ?» አለ።

አርዲስ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ዶሮ ቤቱ ከነመዝጊያው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአጥሩ ምሰሶ አንድ በአንድ ይቆጠራል። መንገዱ ላይ የእግሯ ዱካ ሳይቀር ይታያል። ደስ ሊላት ሲገባ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ዴልመር፣ መልሰህ ብታስገባውስ?»

«ምን?»

«ወድቄያለሁ።»

ይህን ቃል ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ዴልመር መሰላሉ ላይ እንዳለ ወደ ታች አያት። «መቼ?»

«በነዚህ ሦስት ሳምንታት። ሁለት ጊዜ። ጉሙ ገመናዬን ሸፈነልኝ እንጂ...»

«እኔ አራት ጊዜ ወድቄያለሁ» አለ ዴልመር። «ሚስቴ የምታውቀው አንዱን ብቻ ነው። እንዳታወጪብኝ።» ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። «እንደፈለግሽ አደርገዋለሁ። ካላየችሽ ግን ነገ ይዛሽ መሄዷ ነው። ካየችሽም ላትተውሽ ትችላለች። እሱን እኔ አላውቅልሽም።»

አርዲስ ፈራች። ከባሏ ቀብር ወዲህ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ቢሆንም ወደ ኩሽና ገብታ ደወለች። «ጆዲ፣ ዶሮዎቹን ልዘጋ መውረዴ ነው። እይኝ» ብላ ዘጋችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

መንገዱን በልቧ ታውቀዋለች። አጥሩ ጋ እስክትደርስ ደህና ሄደች። ከአጥሩ በኋላ ግን አዲሱ በረዶ ከሥሩ ብርጭቆ የመሰለ ግግር ደብቆ ኖሯል፤ እግሯ ከዳት፤ በጎኗ ተዘረረች። እዚያው እንደተጋደመች መጀመሪያ ያሰበችው አጥንቷን አልነበረም። አየችኝ፣ አለች በልቧ፤ አበቃልኝ።

ዴልመር ከደጃፉ ሲሮጥ ሰማችው። «ቁም!» ብላ ጮኸች። «እንዳትነካኝ!»

ተንከባለለችና በጉልበቷ ተንበረከከች። አንድ እግሯን አስቀደመች። ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ተክላ፣ እያቃሰተች፣ አምላክ ፊት የማይነገር ቃል እየተናገረች ተነሳች። በረዶውን ከቀሚሷ አራገፈች። ዶሮ ቤቱ ደርሳ አሥራ አንዱንም ቆጠረች፣ ዘጋች፣ በዱካዋ ላይ ተመለሰች።

ኩሽና ስትገባ ስልኩ እየጮኸ ነበር። አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ከዚያ ወገን የሲቃ ድምፅ ሰማች።

«ጆዲ? እያለቀስሽ ነው?»

«አየሁሽ» አለች ጆዲ።

«ምናልባት በረዶው ስለሆነ እንጂ እኔ...»

«እማ፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያ ነጭ ነገር ላይ አፍጥጬ ነው ያመሸሁት። ማታ ማታ በሐሳቤ እዚያ ውስጥ ትወድቂብኛለሽ። ሁልጊዜ ትወድቂያለሽ፤ አንድም ቀን አልተነሳሽም። ዛሬ ስትነሺ አየሁ።»

አርዲስ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ነገ ትመጫለሽ ወይ?» አለች።

«እመጣለሁ። እግርሽ እንዳይንሸራተት ግግሩ ላይ የሚበተን አሸዋ ይዤ ነው የምመጣው። ያቺን ከአጥሩ ወዲያ ያለችውን ቦታ አይቻታለሁ።»