የዳኜ ግድብና የእማማ ቆሎ

ባለቤቴ ዳኜ ቤታችን ውስጥ ግድብ ሠርቷል። «ግድብ» ብዬ ስም ያወጣሁለት ለማሾፍ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው።

ለቡ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ውሃ የሚያየው በፈረቃ ነው። በፈረቃችን ቀንም ቢሆን ከሥር ያሉት ጠጥተው፣ ልብስ አጥበው፣ መኪናቸውን ሳይቀር አጥበው የተረፋቸው ነው የሚደርሰን። ስለዚህ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ የሚተፋውን ውሃ ዝም ብሎ ማፍሰስ እኛ ቤት ኃጢአት ነው። ድሮ በሳፋ እየተቀበልን ሽንት ቤት እንደፋው ነበር። ዳኜ ግን ሳፋ ናቀ። ብረት በያጅ ጠርቶ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከቁመቴ የሚበልጥ ማቆሚያ አሠራ፣ በላዩ ሰማያዊ በርሜል አስቀመጠ፣ የማሽኑን ማስወጫ ቱቦ ቀጥሎ እስከ በርሜሉ አፍ አወጣው። ከበርሜሉ ሥር በገጠመው ቧንቧ ውሃው ራሱ ወርዶ ሽንት ቤቱን ያጥባል። እንግዳ ከመጣ ሻይ ሳይቀርብለት በፊት ግድቡን ይጎበኛል።

ማሽኑ ግን ግድቡን አልወደደውም። ውሃ ወደ ላይ መግፋት ሲጀምር ያቃስታል፤ በርሜሉ ጋ የሚያደርሰውም በጭንቅ ነው። ይሄ ድምፅ ምንድነው ብዬ ስጠይቀው ዳኜ ሥራ ድምፅ አለው ብሎ መለሰልኝ። አንድ ቅዳሜ ማሽኑ ልብሳችንን እንደታቀፈ፣ ሆዱን በውሃ እንደነፋ ቀጥ አለ።

እዚህ ላይ እማማ ፀሐይወርቅን ላስተዋውቅ። የዳኜ እናት ናቸው። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ከፍቼ ከተማ አምጥተናቸው ከእኛ ጋር ይኖራሉ። አማትና ምራት አይስማሙም የሚል ሰው ካለ እኛ ቤት ይምጣ፤ እኔና እሳቸው ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዳኜን ነው የምናማው። እሑድ ሐና ማርያም አስቀድሰው ሲመለሱ የነጠላቸውን ጫፍ ይፈቱና እዚያ የቋጠሩትን የገብስና የሽምብራ ቆሎ «እንቺ ራኬብ» ብለው መዳፌ ላይ ያፈሱልኛል። መንገድ ላይ ሊቆረጥሙት ነው የሚይዙት፤ ግማሹን ግን ሁልጊዜ ለእኔ ያስተርፋሉ። ይህን የሚያህል ሴት ሆኜ ቆሎዬን ደረጃ ላይ ወጥቼ እጠብቃለሁ።

ዳኜ ስልኩን ሳሙና ማስቀመጫው ላይ አቁሞ፣ ቪዲዮ እያየ ማሽኑን ከፈተው። ከታች ያለውን ማጣሪያ ሲፈታው ውሃው ወለሉን አጥለቀለቀው፤ ከውሃው ጋርም ያበጡ ሽምብራዎች ወጡ። ዳኜ ሌባ የያዘ ሰው መሰለ። ሽምብራዎቹን መዳፉ ላይ ደርድሮ እናቱ ዘንድ ሳሎን ሄደ። ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ እንደተቃጠለ፣ ገዳዩም ቆሎ እንደሆነ፣ ነጠላ ሳይፈተሽ ማሽን ውስጥ እንደማይገባ ረጅም ንግግር አደረገ። ይህስ ባልከፋ። መጨረሻ ላይ ግን፣

«እማዬ፣ ይሄ ፍቼ አይደለም» አለ።

እማማ ሽምብራዎቹን ከመዳፉ ላይ አንድ በአንድ ለቅመው ወስደው ጣሉ። ዳኜ ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ በረንዳ ላይ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ተንበርክከው ልብሳቸውን በሳፋ ማጠብ ጀመሩ። ልቀበልዎት ብል እምቢ አሉ። እሑድ እንደ ልማዴ ደረጃ ላይ ጠበቅኳቸው። የነጠላቸው ጫፍ አልተቋጠረም። ሰላም ብለውኝ አልፈው ገቡ፤ እኔም ባዶ መዳፌን ይዤ ቀረሁ። በሳምንቱ መካከል ቅዳሜ ወደ ፍቼ እንደሚመለሱ ነገሩኝ። ፍቼ ማን አለ? የተቆለፈ በር ነው ያለው። ማን ውሃ ይቀዳላቸዋል? ማታ አለቀስኩ። ዳኜም ከፍቶታል፤ ይቅርታ ጠይቃቸው ስለው ግን ሽምብራውን በዓይኔ አይቻለሁ ይለኛል። ዳኜን ያገባሁት ወድጄው ነው፤ ያን ሳምንት ግን ምኑን እንደወደድኩት ጠፋኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። እማማ ጫማቸውን አድርገው ሳሎን ተቀምጠዋል። የጨርቅ ሻንጣቸው ኮሪደሩ ላይ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ተቀምጧል። መኪና ጥሪልኝ ይሉኛል፤ እኔ ኔትወርክ የለም እያልኩ እዋሻለሁ። ዳኜ ከጎፋ አዲስ ፓምፕ ገዝቶ መጥቶ ነበር። ማሽኑ ከሠራ እናቱ ሐሳባቸውን የሚቀይሩ መስሎት መሰለኝ፣ ላቡን እያንጠፈጠፈ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ገጠመ። ያጠራቀምናትን ውሃ ጨምረን አስነሳነው።

ማሽኑ አቃሰተ። ያው የድሮው ማቃሰት ነው። ውሃው በቱቦው ውስጥ እስከ ደረቴ ድረስ ሲወጣ ይታየኛል፤ ከዚያ አልፎ አልሄደም። ዳኜ አሮጌ ፓምፕ ነው የሸጡልኝ እያለ በርጩማ ላይ ወጣና የቱቦውን አፍ ከበርሜሉ መዘዘው። ቱቦው ከእጁ አምልጦ ወለል ላይ ወደቀ።

ያን ጊዜ ውሃው ፈነዳ። በሩን አልፎ፣ ኮሪደሩን ሞልቶ የእማማ ሻንጣ ላይ ወጣ። ዳኜ ዘሎ ወርዶ ቱቦውን ወደ ላይ አነሳው፤ ውሃው ቆመ፣ ማሽኑ አቃሰተ። ዝቅ አደረገው፤ ውሃው ሮጠ። ደግሞ አነሳው፤ ደግሞ አቃሰተ። ከዚያ ቱቦውን እንደያዘ ቀና ብሎ ግድቡን አየው። የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ዋጥኩት።

እማማ ጩኸቱን ሰምተው እያነከሱ መጡ። ዳኜ ማሽኑን አጠፋ፤ እርጥቡ ወለል ላይ፣ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ሽምብራውን ማጣሪያው ይዞት ነበር፤ ፓምፑ ጋ አልደረሰም። ማሽኑን በዚህ ግድብ የገደልኩት እኔ ነኝ። አንቺንም ያስቀየምኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

እማማ የራሰውን ሻንጣ አዩ፣ የራሰውን ልጃቸውን አዩ።

«እርጥብ ልብስ ይዤ አውቶቡስ አልሳፈርም» አሉ በመጨረሻ። «የሚያጥብልኝ ካለ ልቆይ።»

ዳኜ ሻንጣውን ከፍቶ ልብሱን አንድ በአንድ ማሽኑ ውስጥ ይከት ጀመር። አንዱን ነጠላ ሲያነሳ እጁ ቆመ። ጫፉ ተቋጥሯል። ቀስ ብሎ ፈታው፤ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ነው፣ ሙሉውን ርሷል።

«የራኬብ ነው» አሉ እማማ። «ስወጣ ልሰጣት ነበር።»

ያን ጊዜ እንደገና አለቀስኩ፤ ቆሎውን በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ሳልደብቅ።

ከሰዓቱን ሙሉ ግድብ ሠሪው የማሽኑን ውሃ በሳፋ እየተቀበለ ሽንት ቤት ሲደፋ ዋለ። እኔና እማማ ሶፋችን ላይ ተቀምጠን የራሰ ቆሎ እየበላን አማነው።