ክር የሌለው ጫማ

ይሄነው የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ዳገቱ ላይ ቁጢጥ አለ። ደረቱን የጨመደደው ሕመም ወደ ግራ ክንዱ ወረደ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው፤ ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

"ጋሼ ይሄነው፣ ደከመዎት እንዴ?" አለች እናትነሽ ከፊት ሆና።

"ኧረ ምን ድካም። ሂጂ፣ ደረስሁ።"

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያመጣችው ለምስክርነት ነበር። የአባቷ የአቶ ነጋ የልብ ደም ሥር ተዘግቷል፤ ነገ ተነሥተው አዲስ አበባ ካልደረሱ ተራቸው ለሌላ ይሰጣል። እሳቸው ግን "ልቤን በቢላ አላስነካም" ብለው ተኝተዋል። ጋሪ ነጂው ይሄነው ደግሞ ከስምንት ወር በፊት ያንኑ ቀዶ ሕክምና አድርጎ፣ በሁለተኛው ወር ጋሪው ላይ የተመለሰ ሰው ነው።

ቤት ገብተው ሰላምታ እንዳበቃ ሸሚዙን ገልጦ ከግራ ጡቱ ሥር ያለችውን ጠባሳ አሳየ። ጣት አታህልም።

"ይህችው ናት?" አሉ አቶ ነጋ በመስኮቱ ሥር ካለው አልጋቸው ቀና ብለው። "እኔን በሬ የወጋኝ ይበልጣል። በዚህች ቀዳዳ ልብ ይጠገናል?"

"ደረቴን አልሰነጠቁም። በጎድኔ መሐል ገብተው ለደሙ ሌላ መተላለፊያ ሠሩለት። በአምስተኛው ቀን በእግሬ ወጣሁ።"

"አሁንሳ? ዳገት ትወጣለህ?"

እናትነሽ በሩ ሥር ቆማ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ሐኪሙ ይሄነውን ሲያሰናብተው፣ "ሕመሙ ከተመለሰ ፈጥነህ ና፤ ያኔ ምናልባት ደረትህን መክፈት ግድ ይሆናል" ብሎት ነበር። ሲሸሽ የሰነበተው ከዚያ ቃል ነው።

"እወጣለሁ" አለ።

"በመስኮት አየሁህ እኮ። ያደረግኸው የላስቲክ ጫማ ነው፤ ምኑን ነበር የምታስረው?"

ይሄነው ሸሚዙን ቆለፈ።

"ተመልሷል" አለ ቀስ ብሎ። "ሰባት ወር ግን ጤነኛ ነበርሁ። ያን ባላደርግ ይኼኔ አፈር ነኝ።"

አቶ ነጋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ሰማሽ፣ ልጄ?"

እናትነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ይሄነው ተነሥቶ እስከ በሩ ሄደ፤ ከዚያ ወደ እናትነሽ ዞረ።

"መኪናው በስንት ሰዓት ነው?"

"ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ። ምን ያደርጋል፣ ሁለቱንም ወንበር ልመልስ ነው።"

"አትመልሺ። ሦስተኛ ጨምሪበት" አለና ተመልሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ጋሽ ነጋ፣ እኔም ፈርቻለሁ። ብቻዬን አልችለውም።"

አቶ ነጋ ፊታቸውን ከግድግዳው አልመለሱም። እግራቸውን ግን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁለት።